ማዕድ ላይ የተጠየቀ ቃል

ይህ ነገር መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም። ማንም አልሞተም፤ ማንም አልታሰረም። አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ የቤት ሥራዋን ልትሠራ ተነሥታ አንድ ቃል ጠየቀች፤ ያ ቃል የእህቷን ትዳር ሊያፈርሰው ምንም አልቀረውም። ነገሩ ይኸው ነው። እህቴን «ልጻፈው ወይ?» ብዬ ስጠይቃት፣ «ጻፊው፤ ስሜን ግን እንዳትጠሪ» አለችኝ። ስለዚህ የማንንም ስም አልጠራም።

የቤት ሥራውን የሰጡን የቋንቋ መምህራችን ናቸው። አንድ ቃል እንድንመርጥ፣ ቢያንስ በሦስት ቋንቋ እንድንከተለው፣ ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከሰው አፍም እንድንሰማው አዘዙን። ጓደኞቼ ቀላል ቀላሉን ያዙ። አንዷ «መኪና»ን፣ አንዱ «ቦርሳ»ን መረጠ፤ ሁለቱም ከጣሊያንኛ መምጣታቸውን ስልካቸው ወዲያው ነገራቸው። እኔ ግን መምህሩን ደስ ማሰኘት ፈለግሁ። እጄን አውጥቼ «ጠይብ» አልኩ። በግእዝ «ጠቢብ» ማለት ዐዋቂ፣ ብልህ ማለት እንደሆነ አንብቤ ነበር። ከዚህ ከተከበረ ቃል በእኛ አገር ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ የሚሰደቡበት፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ ተብለው የሚፈሩበት ስም እንዴት እንደወጣ ገርሞኝ ነው።

መምህሩ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ፣ መምህር።»

«ይህን ቃል ስትጠይቂ ሰው ትርጉሙን አይነግርሽም። ለምን እንደጠየቅሽ ነው የሚያስበው።»

ይህንንም ጽፌ ከሥሩ አሰመርኩበት። ምን ማለታቸው እንደሆነ ግን አልገባኝም ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም መልካም ነበር። ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ ቁርኣን የቀራ ሰው ነው። «በዐረብኛ ጠቢብ ማለት ሐኪም ነው፤ ኪኒን የሚያዝዘው» አለኝ ስኳር እየመዘነ። «ሐኪም የሚለውስ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እሱም ዐረብኛ ነው። ብልህ፣ ነገር ዐዋቂ ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። ወደ ዶርም ስመለስ መንገዱን ሙሉ ይህንኑ አሰላሰልሁ። እኛ ለሐኪማችን «ብልህ» የሚለውን ቃል ከዐረብ ተውሰን ሰጠነው። በእጃችን የነበረውን የራሳችንን «ብልህ» ደግሞ ለብረት ቀጥቃጩ ሰጥተን ስናበቃ አጎደፍንበት። ትግርኛ የምትናገር የዶርሜ ልጅ በእነሱም ዘንድ ጠቢብ ማለት ብልህ እንደሆነ፣ አንጥረኛም እንደሚጠራበት ነገረችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ግን ሰውን እንዲህ ብለሽ እንዳትጠሪ» አለች።

ከአይከል የመጣ የክፍሌ ልጅ ደግሞ ቅማንትኛ ለሚያውቁ አያቱ ደወለልኝ። ቃሉን ገና ከመጥራቱ አሮጊቷ፣ «ማን ታሞ ነው?» አሉ።

«ማንም አልታመመም፣ እማማ፤ ለትምህርት ነው።»

«ካልታመመ ምን አስጠራህ!» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ሁለታችንም ሳቅን። እኔም «ማን ታሞ ነው» የሚለውን እንደ መልስ መዘገብኩት።

ቅዳሜ ከምማርበት ከጎንደር በአውቶቡስ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሄድኩ፤ ቤታችን ከዚያ በእግር የሚያስኬድ መንገድ አለው። ቤት ውስጥ ምን እንዳለ ዐውቅ ነበር፤ ለታላቅ እህቴ ሽማግሌ ተልኮ ነበር። እህቴ በቀበሌያችን ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ሰውየው ጎንደር ከተማ ብየዳ ቤት አለው። የጤና ኬላውን የብረት በር ሊገጥም መጥቶ ነው የተዋወቁት። በሩ ከተገጠመ በኋላም «ማጠፊያው ይጮኻል» እያለ ደጋግሞ ተመላልሷል። ማጠፊያው ሲጮኽ የሰማ ሌላ ሰው የለም።

አባቴ የመጀመሪያዎቹን ሽማግሌዎች አክብሮ ተቀብሎ «እንመካከር» ብሎ ሸኝቷቸዋል። በእኛ ዘንድ ይህ ግማሽ እሺታ ነው። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። በሦስተኛው እሺ ካልተባለ ግን ሌላ ጊዜ ደጅ አይቆምም፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። እህቴም ይህን ስለምታውቅ በዚያ ሰሞን በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሻሿን ታስተካክል ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምሳ ቀረብን። እኔም የቤት ሥራዬን እንዳልረሳ ብዬ፣ «አባባ፣ ጠይብ የሚባለው እዚህ አገር ማን ማን ነው?» አልኩ።

የአባቴ እጅ ከመሶቡ ላይ ቆመ። እናቴ አማተበች። «ምነው ልጄ፣ ማዕድ ላይ!» አለች። አባቴ መጀመሪያ እህቴን፣ ቀጥሎ እኔን አየ፤ ሳይጨርስ እጁን ታጥቦ ወጣ። ቆየት ብሎ በረቱ አጠገብ ጠራኝ።

«እዚያ ከተማ ምን ሰማሽ?»

«ምንም። የቤት ሥራ ነው፣ አባባ።»

«ማን ነው ይህን የቤት ሥራ ብሎ የሚሰጥ?»

«ቃሉን የመረጥሁት እኔ ነኝ።»

«ከስንቱ ሸጋ ሸጋ ቃል መካከል?»

«አዎ።»

 ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «ደግ አድርገሻል» ብሎኝ ሄደ።

ለምን እንዳመሰገነኝ የገባኝ ቆይቶ ነው። በእኛ አገር ትዳር በተጠየቀበት ቤት የጠያቂውን ነውር የሚያውቅ ሰው «እንዲህ ነው» ብሎ አይናገርም። ቢናገር ነገ ባለ ጠብ ይሆናል። ማዕድ ላይ ወይም በገበያ መንገድ፣ ሌላ ነገር የጠየቀ መስሎ አንዲት ቃል ጣል ያደርጋል። ለሰሚው ይገባዋል፤ ተናጋሪው ደግሞ «እኔ ምን አልኩ?» ይላል። ታዲያ ጎንደር ላይ ብረት የሚሠራ ሰው እህቴን በጠየቀበት ሰሞን፣ እኔ ከጎንደር መጥቼ፣ ማዕድ ላይ «ጠይብ ማን ነው?» አልኩ። አባቴ ሌላ ምን ይረዳ?

በሳምንቱ እህቴ ደወለች።

«ምን ብለሽው ነው?»

«ማንን?»

«አትቀልጂብኝ። ሽማግሌዎቹን 'አጥንት ገና አልቆጠርንም' ብሎ ከደጅ መለሳቸው። ከጥምቀት በኋላ ኑ አላቸው። ሁለተኛው ሄደ። አንድ ነው የቀረኝ።»

አጥንት መቁጠር ማለት የሰውየውን ዘር እስከ ሰባት ቤት ማጣራት ነው።

«የቤት ሥራ ነው ብዬዋለሁ እኮ!»

«'እህቷን ላለማስከፋት ነው የቤት ሥራ የምትለው' ይላል። ወሬው ወጥቷል። ትናንት ለክትባት የመጣች ሴት ልጇን ከእጄ ቀማችኝ፤ 'ደኅና ነው፣ ደኅና ነው' እያለች። ገና ሳላገባው ነው ይህ።»

«አንቺስ?» አልኳት።

«እኔ ምን?»

«አንቺስ ታምኚዋለሽ?»

 «አንቺ እዚያው ነሽ። ሄደሽ እስቲ እዪው» አለችኝ።

ማክሰኞ ከክፍል በኋላ ሄድኩ። ብየዳ ቤቱ ከአዘዞ መንገድ ዳር ነው። ደጁ ላይ ላሜራና ፌሮ ተደርድሯል። ሁለቱም ጣሊያን ትቷቸው የሄዱ ቃላት ናቸው፤ ፌሮ ማለት ብረት ማለት ነው። ብረቱን በጣሊያንኛ የሚጠራው ሰው በከተማ «በያጅ» ተብሎ ይከበራል፤ በአማርኛ የሚጠራው ግን በገጠር «ጠይብ» ተብሎ ይሸሻል። ይህን ለመምህሩ ብጽፈው ደስ ይላቸዋል ብዬ አሰብኩ። ሰውየው ከፊቱ ላይ መከለያውን ሲያነሣ ግን ያሰብኩት ሁሉ ጠፋ። ዓይኑ ደም መስሎ ቀልቷል። የብየዳ ብርሃን ዓይን እንደሚያቀላ ዐውቃለሁ። ቢሆንም ወደ መሬት አየሁ።

«ምነው፣ በር ልታሠሪ ነው?» አለ እየሳቀ። ዐውቆኛል። ወንበር አቀረበልኝ፤ ከጎረቤት ሻይና ቦምቦሊኖ አስመጣ።

«ጾም ነኝ» አልኩ።

«ዛሬ ማክሰኞ ነው። የማን ጾም ነው?»

ዓይኔን መልሼ ወደ መሬት ጣልኩ። እሱም የገባው ይመስለኛል፤ ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። ከዚያ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ።

«በይ ብዪ። አላይሽም።»

እኔም በላሁ። የቀረውን ሁሉ የተነጋገርነው እሱ ግድግዳውን እያየ፣ እኔ ጀርባውን እያየሁ ነው።

«አባትሽ ልኮሽ ነው?»

«የለም። እህቴ ናት።»

«እሷም?» አለ።  «አባቴ ኮላ ድባ ሽምብራ የሚዘራ ገበሬ ነው። ብየዳ የተማርኩት ቴክኒክና ሙያ ነው። ግን እንዲህ ብሎ መማል ራሱ ምንድን ነው? አያቴ ቀጥቃጭ ቢሆን ኖሮ የሠራሁት በር አይዘጋም ነበር?»

«አላልኩም...»

«አላልሽም። ማንም ምንም አይልም። ለማንኛውም ንገሪያት፤ የሚሸመግሉልኝ አጎቴም የእናንተን አጥንት እያስቆጠሩ ነው።»

«ምን አገኙ?»

«ዝም ብለዋል። አጎቴ ዝም ካሉ ጥሩ አይደለም።»

ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ የገዛ ቤታችንን መጠርጠር ጀመርኩ። ምን ያገኛሉ? እኛ ገበሬዎች ነን፤ በሬና በግ፣ ገብስና ባቄላ። ታዲያ አባቴ ሌላ ሰው ሲጠረጥር ለምን ምሳውን ትቶ ወጣ? ቁጣ ነው ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ቁጣ አይመስልም።

መልሱን ያገኘሁት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ እዚያው የቤት ሥራዬ ላይ ነው። ስለ ብረት ሥራ የሚናገር አንድ መጽሐፍ ስገልጥ የወናፍ ሥዕል አየሁ፤ ቀጥቃጩ እሳቱን የሚያናፋበት የፍየል ሌጦ፣ አንገቱ ላይ የሸክላ ቧንቧ የተሰካበት። ያንን ነገር ዐውቀዋለሁ። ቤታችን ቆጥ ላይ ተሰቅሏል። «አሮጌ ስልቻ ነው» ተብለን ነው ያደግነው። አባቴ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ነው የመታኝ፤ እሱም ያንን ስልቻ አውርጄ በቧንቧው ስነፋ አግኝቶኝ ነው።

መጽሐፉን መለስኩ። ወደ ዶርም ሄጄ ከሁሉ በፊት ያደረግሁት መስታወት ፊት ቆሜ የራሴን ዓይን ማየት ነው።

የቤት ሥራውን በጊዜው አስረከብኩ። ግእዙን፣ ዐረብኛውን፣ ትግርኛውን በደንብ ጻፍኩ። የአገሬን ግን በአንድ መስመር አለፍኩት። መምህሩ ጥሩ ነጥብ ሰጥተው ከዳር፣ «ከሰው አፍ የሚለው ክፍል ምሳሌ ይጎድለዋል» ብለው ጻፉበት።

ለጥምቀት ከተማው በእንግዳ ሲሞላ እኔ ወደ ቤት ሄድኩ። ያየሁትን ለእህቴ ነገርኳት። አላመነችኝም፤ ቀና ብላ ወደ ቆጡ ብቻ አየች። ከዚያ ሁለታችን ተያይዘን የአባታችን ታላቅ ወንድም ዘንድ ሄድን። በቤተሰባችን አጥንት የሚቆጥሩት እሳቸው ናቸው፤ ከአባቴ ጀምሮ ሁላችንም «አያ» ነው የምንላቸው። ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«አያ፣ ያ ቆጥ ላይ ያለው ስልቻ ወናፍ ነው?» አልኳቸው።

«ይችን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ነው ያስተማረሽ?» አሉ። ዙሪያውን ቃኙ፤ ከእኛ በቀር ሰው የለም። «አባታችን ነው ባለቤቱ። ከማዶ ያሉት ቤተ እስራኤሎች ነበሩ ማረሻ የሚቀጠቅጡልን። እነሱ ተነሥተው ኢየሩሳሌም ሲሄዱ አገሩ ሁሉ በደነዘ ማረሻ ቀረ። አባታችን ከአንዱ ጎረቤቱ ጋር ይዋደድ ነበር፤ እሳቱን ሲያናፋለት አይቶ አይቶ ለምዷል። ሰውየው ሲሄድ ወናፉን ሰጠው።»

«ታዲያ ሰው ዐወቀ?»

«ማን ያውቃል? ገደሉ አፋፍ ላይ ያለችውን ወይራ ታውቂያታለሽ? ገበሬው ማረሻውን ሥሯ አስቀምጦ ይሄዳል። በነጋታው ተስሎ ያገኘዋል። እፍኝ ጤፍ፣ ቁና ገብስ ትቶ ይወስዳል። ማን ሳለው ብሎ የጠየቀ የለም። የጠየቀ እንደሆን ማረሻው ደንዞ መቅረቱ ነዋ!» ብለው በድዳቸው ሳቁ። «ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አያውቅም።»

«ስለዚህ አባባ የፈራው...» አለች እህቴ።

«የእነሱን አጥንት መሰለሽ? የእኛን ነው እንጂ፣ ልጄ! ከኮላ ድባ የመጣ ሰው እዚህ ሲጠያይቅ ሰንብቷል። አባትሽ ልጁን ጠይብ ነው ብሎ ቢመልሰው ይሻለዋል፤ እነሱ ቀድመው ከሚመልሱሽ።»

እህቴ መንገዱን ሁሉ ቀድማኝ እየፈጠነች ሄደች። እኔ እናለቅሳለን ብዬ ነበር።

ሽማግሌዎቹ የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። ከሩቅ መታየት ሲጀምሩ እህቴ ቆጡ ላይ ወጣች። ወናፉን አውርዳ፣ አቧራውን አራግፋ፣ መግቢያው በር አጠገብ መደቡ ላይ አኖረችው። አባቴ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«አንሺው!»

«አላነሣም። ወይ አንተ አንሥተህ እምቢ በላቸው፣ ወይ እያዩት ይግቡ። አባባ፣ ሦስተኛው ነው።»

አባቴ ወናፉን አየው። እኔ ያነሣዋል ብዬ እጁን እጁን እመለከት ነበር። ጋቢውን አስተካክሎ ሽማግሌዎቹን ሊቀበል ወጣ፤ ወናፉ እዚያው ቀረ።

ሌሎቹ አልፈውት ገቡ። የሰውየው አጎት፣ ረጅም ከዘራ የያዙ ቀጭን ሽማግሌ፣ በሩ ላይ ቆሙ። በከዘራቸው ጫፍ ቧንቧውን ነካ አደረጉት።

«ምንድን ነው ይህ?»

«ወናፍ ነው» አለ አባቴ።  «የአባቴ ነው። ለዚህ አገር ማረሻ ይስልበት ነበር። አጥንት ስትቆጥሩ እንዳትደክሙ ብዬ ነው።»

 ከዚያ ሽማግሌዎቹ ለመመካከር ፈቃድ ጠይቀው ከአጥሩ ውጭ ወጡ። እኔና እህቴ ጓዳ ውስጥ ሆነን በግድግዳው ስንጥቅ እናያቸው ነበር። ከዘራው ይነሣል፣ ይወርዳል። አንዱ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ወደ መንገዱ መራመድ ጀምሮ ተመለሰ። እህቴ እጄን ጨብጣ ጥፍሯ ቆዳዬ ውስጥ ገባ። ሲመለሱ አጎትዬው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሠርጉን ከፋሲካ በኋላ ብናደርገውስ?»

ስለ ወናፉ ክፉም ደግም አላሉም። እናቴ እልል ብላ ምግብ አቀረበች። ሁሉም በሉ። አጎትዬው ግን «ሆዴን ይነፋኛል» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። አባቴ አየ፤ እኔም አየሁ። ያን ቀን ሁሉም ሰው ነገሩ አለቀ አለ። እኔና አባቴ ግን አላለቀም አልን፤ ተነጋግረን አይደለም፣ ተያይተን ብቻ።

ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ሆነ። አጎትዬው መጡ፤ መረቁ፤ ብርጭቆ ያዙ። ብርጭቆው እንደሞላ መደቡ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። አባቴ ሙሽራዋን ሲሸኝ እንኳ ዓይኑ ከዚያ ብርጭቆ አልተነሣም።

ሙሽሮቹ ከነዘመዶቻቸው ለመልስ ወደ እኛ ቤት የመጡት በሳምንቱ ነው። እህቴ ደኅና ትመስላለች፤ ባሏ ገብቶ የበራችንን ማጠፊያ ነካክቶ፣ «ይህ ይጮኻል» አለ። ሁሉም ሳቀ። ማዕድ ቀረበ። አጎትዬው እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ሲሰበስቡ አባቴ ከመቀመጫው ተነሣ። እንጀራውን በዶሮ ወጡ ጠቅልሎ፣ ከሁሉም መሐል አልፎ፣ ሽማግሌው ፊት ቆመና ጉርሻውን ዘረጋ።

ጉርሻ እምቢ አይባልም። እምቢ ያለ ደግሞ ሰበብ ሊያቀርብ አይችልም።  ወጡ ከአባቴ ጣት ላይ ወደ ክንዱ ሲወርድ አየዋለሁ። ሽማግሌው የአባቴን ዓይን ረጅም ጊዜ አዩት፤ ምን ፈልገው እንዳዩት ዐውቃለሁ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ።

እኔ የተመለከትሁት ጉሮሯቸውን ነው። ይተፉታል ብዬ ነበር። አኘኩ፤ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ዋጡ። አባቴ ሊመለስ ዞር ሲል ከዘራቸውን ዘርግተው መንገዱን ዘጉበት።

«ወዴት ነው?» አሉት። «አንድማ ያጣላል!»

አባቴ እየሳቀ፣ በሌላው እጁ ዓይኑን እየጠረገ፣ ሁለተኛውን ጠቀለለ። ያንንም እስኪውጡት ድረስ አየሁ። እሑድ፣ ግንቦት 17 ቀን ነበር።